ያጎረሰ ይቆጠርበታል

ለክብደት መቀነሻ ተብሎ በየሰው እጅ የታሰረው አምባር ምግብን የሚቆጥረው ባነሳው እጅ ላይ ነው፤ ማን እንደዋጠው አይጠይቅም። የቀኑን የካሎሪ ልክ ያለፈ ሰው በማግስቱ አውቶቡስ አያሳፍረውም፤ በእግሩ እየሄደ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሰው መጎራረስ ትቷል፤ ሙሽሮች እንኳ በሠርጋቸው ቀን በየሹካቸው ይበላሉ።

ሶስና ግን መተው አልቻለችም። የእናቷ የወይዘሮ አሰገደች እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቁርስና ራታቸውን የምታጎርሳቸው እሷ ናት። የሚበሉት እሳቸው፣ የሚቆጠርባት እሷ። ከራሷ ድርሻ ብትቀንስም ልኩ ቶሎ ይሞላባታል፤ ከኮተቤ ፒያሳ በእግሯ መመላለስ ከጀመረች ወር አልፏታል።

ዛሬም ራት ላይ እናቷን አጉርሳ ስትጨርስ አምባሯ ጮኸ። የራሷን ሳህን ሳትነካው ገፋ አደረገችው።

"አንቺስ?" አሉ እናቷ።

"መሥሪያ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት፣ እማዬ።"

ወይዘሮ አሰገደች በሩ ሥር የወለቀውን ጫማዋን አዩት። ሶሉ አልቆ ካርቶን ተነጥፎበታል። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ወደ ሳህኗ ሰደዱ። ሽሮው ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ፤ የተረፈው የልጃቸው አፍ ደረሰ። ከወር በላይ ዜሮ ላይ የከረመው የእሳቸው አምባር መቁጠር ጀመረ።

"እማዬ፣ ባንቺ ላይ ይቆጠራል እኮ!"

"ይቁጠራ! እኔን አውቶቡስ ቢከለክለኝ የት ልሄድ ኖሯል?" አሉና ሌላ መጠቅለል ጀመሩ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ በይ ክፈቺ።"