ሱፐርቻርጀሩ የተገጠመበት ቅዳሜ

ፀደንያ የለችም። በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ጥላ ሞተች።

"ቪዲዮውን ስጠኝ" አለ ባሏ ሕዝቅያስ።

"የለም አልኩህ እኮ፣ ሕዝቄ።"

"የት ሄደ?"

"ስልኩ ሞላብኝና… አጠፋሁት።"

ጃፈር ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየውም። የጋራዡ ወለል ላይ ብሎን የወደቀበት ሰው ይመስል አንገቱን ደፋ።

መዋሸቱ ያስታውቅ ነበር።

ሕዝቅያስ የጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም… የሚስቱ ሙት ዓመት ደርሷል። ልጁ ምርቃት የእናቷን ድምፅ ረስታለች። ፀደንያ ደግሞ መቀረጽ አትወድም ነበር። ድምጿ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው…

በዚያ ቅዳሜ፣ በጃፈር ስልክ ላይ።

ሕዝቅያስ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ለዓመታት አጠራቅሞ አንድ አሮጌ ሙስታንግ መኪና ገዛ። ቀጥሎ ሱፐርቻርጀር አስመጣ… አየር እየጨመቀ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባ፣ የመኪናውን ጉልበት የሚያበዛ ዕቃ።

ጋራዥ ወስደህ አስገጥመው ቢሉት አሻፈረኝ አለ። በገዛ እጁ፣ በገዛ ግቢው ሊገጥመው ፈለገ።

የልጅነት ጓደኛው ጃፈር መካኒክ ነው። ሊያግዘው ፓርክላንድስ፣ ሕዝቅያስ ቤት ድረስ መጣ። የገጠማውን ሥራ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሊለጥፉት ተስማምተው ጃፈር ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከጠዋት ጀምሮ ቀረጸ።

ረፋዱ ላይ ፀደንያ ምርቃትን አዝላ ወጣች። "ሁለተኛዋ ሚስትህ እንዴት አደረች?" ብላ የመኪናውን ጎማ በእግሯ ነካ አደረገችው። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ልጅቷን ለጃፈር ሚስት ለኢክላስ ትታ፣ ዌስትላንድስ ዕቃ ልትገዛ ሄደች።

አልተመለሰችም።

አንድ ሱቅ በር ላይ ደረቷን ያዛት። ለባሏ ስድስት ጊዜ ደወለች… አላነሳም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። መንገደኞች አንስተው ሆስፒታል ሲያደርሷት አልፋ ነበር።

ከፓርክላንድስ ዌስትላንድስ አሥር ደቂቃ ነው። የጃፈር መኪና ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆማ ነበር።

ለቅሶው ላይ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ሕዝቅያስ ጠየቀ።

"ስልኬን ድምፁ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። ማነው ያጠፋው?"

ጃፈር መለሰለት።

"እኔ ነኝ።"

ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐበሻው ሁሉ ጃፈርን ሸሸው። መኪናውን እሱ ጋ የሚያሠራ ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያዩት ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚዞሩ ነበሩ። ሕዝቅያስም በሄደበት ሁሉ "ሚስቴን የገደለው እሱ ነው" እያለ አወራ።

አሁን ደግሞ ቪዲዮውን ከለከለው…

ሚስቴን ወሰደብኝ፤ ድምጿን እንኳን ለልጄ ነፈጋት አለ በልቡ። ወንድሜ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ከዳው።

በማግስቱ ኢክላስ ሥራ ቦታው ድረስ መጣች። ሰላም እንኳን አላለችውም።

"እንዳላሳይህ አስምሎኛል" አለችው። "ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ቆየሁ። ትናንት ግን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ 'እማዬ፣ አባዬ ሰው ገድሏል እንዴ?' አለኝ። ከመሐላው ልጄ ይብስብኛል።"

ቪዲዮውን ላከችለት።

"ብቻህን ሆነህ እየው" ብላው ሄደች።

አየው…

ፀደንያ መጣች። ቀለደች። ሳቀች። ሕዝቅያስ እየደጋገመ ሰማት፣ አለቀሰ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ይሻለው ነበር። ግን ቀጠለ።

ራሱን ኮፈኑ ሥር ቀብሮ ብሎን ሲያጠብቅ ይታያል። የራሱ ስልክ ጮኸ። የገዛ ድምፁን ሰማ።

"ድምፁን አጥፋልኝ። ብሎኖቹ በተራ ነው የሚጠብቁት፤ አሁን ካቋረጥኩ እንደገና መጀመሬ ነው።"

"ፀደንያ ናት እኮ" አለ ጃፈር።

"ዳቦ ልግዛ ወይ ልትል ነው። ተዋት።"

ትንሽ ቆይቶ…

"ሕዝቄ፣ ስትደውል አራተኛ ጊዜዋ ነው። እኔ ላናግራት?"

"አታንሳ አልኩህ። ና ይህን ያዝልኝ።"

ቀና እንኳን አላለም። ይህን መናገሩንም ጨርሶ አያስታውስም። ጃፈር ግን ስልኩን እንደያዘ ለአፍታ ወደ በሩ ሲመለከት ይታያል… ከዚያ ተመልሶ ያዘለት።

ሕዝቅያስ ለኢክላስ ደወለ። ጃፈር ለምን እውነቱን አልተናገረም ሲል ጠየቃት።

"እኔም ጠይቄው ነበር" አለችው። "'ልጅቷ እናቷን አጥታለች፤ ሕዝቄ ይህን ከሰማ አባትም አይተርፋትም። እኔም እኮ ማንሳት እችል ነበር፤ ስለዚህ አልዋሸሁም' አለኝ።"

ወዳጆቼ…

ከዳኝ የምንለው ሰው አንዳንዴ የእኛን ጥፋት ተሸክሞ ዝም ያለ ሰው ነው። ሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ያን ቀን እኛ ምን ብለን እንደነበር እንጠይቅ።

ደግሞም… የምትወዱት ሰው ሲደውል ቀና በሉ። ብሎን ተፈቶ እንደገና ይጠብቃል።

ሕዝቅያስ ያን ቀን መጨረሻ ያደረገው ይህን ነው፦ ምርቃትን አቅፎ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ላይ ተሳፈረ፣ ጃፈር ቤት በር ላይ ወረደና ደወሉን ተጫነ። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ…

በሩ ሲከፈት የመጀመሪያ ቃሉ ምን መሆን አለበት ትላላችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።