ክርን የደገፈ እጅ

ስሟ ሲጠራ ሰልማ ወደ መድረኩ ወጣች። ጅዳ ስላለው የኦብሑር ባሕረ ሰላጤ ዓሦች ባደረገችው ጥናት የዩኒቨርሲቲው የዓመቱ ተመራማሪ ተብላለች። የኮሌጁ ዲን ከበድ ያለውን የመስታወት ሽልማት ሲዘረጉላት ጎንበስ ብላ ቀኝ እጇን ሰደደች፤ ግራ እጇም ሳታዝዘው ሄዶ የቀኝ ክርኗን ደገፈ። መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ከትልቅ ሰው እጅ የሚቀበሉት እንደዚያ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃም ቢሆን። እንዲያ ካልሆነ ኢትዮጵያዊት እናቷ ትቆጣለች። መስታወቱ ግን እንደ ብርጭቆ አልቀለለም፤ ሊያመልጣት ሲል ዲኗ ያዙላት።

«ያላ ዶክቶራ፣ በሁለት እጅሽ ያዢው እንጂ! ክርንሽን አሞሻል እንዴ?» አለች ፎቶ አንሺዋ በዐረብኛ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዲኗ ብቻ አልሳቁም። የጠፋበትን ዕቃ ሰው ቤት እንዳየ ሰው የሰልማን ክርን ትኩር ብለው ያዩ ነበር። ምን አገኙበት? እኒህ ሴት እንደሆኑ የጅዳ ነባር ቤተሰብ ልጅ መሆናቸውን ሳያነሡ የሚያደርጉት ንግግር አልነበረም።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ፎቶውን ከመጀመሪያው እናንሳው» አሉና ሽልማቱን መልሰው ወሰዱ። ሰልማ አሁን ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ጠበቀች። ሽልማቱ ወደ እሷ ሲመጣ የዲኗ ግራ እጅ ከጥቁሩ ካባ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣና የራሳቸውን ቀኝ ክርን ደገፈ። ለካሜራው ፈገግ እንዳሉ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እኔንም እናቴ ትቆጣኝ ነበር» አሏት።