ሳይደወል የተመታች ኳስ

«ወንድምህ ኳሷን ክርስትና እያስነሳት ነው መሰለኝ» አለ ሼይ፣ አንገቱን ጃኬቱ ውስጥ ቀብሮ። «ቄሱ ዘግይተውበት ይሆናል።»

ፊንታን አልሳቀም። የአየርላንዷ የዶኔጋል ዝናብ ከባሕሩ እየተነሳ ፊት ለፊት ይገርፈዋል፤ ጣቶቹ ዱላውን መጨበጣቸውን በዓይኑ ካላየ አያውቅም። የጎልፍ ማኅበሩ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ለአንድ ቱርክ ዶሮ ብሎ እዚህ ጭቃ ውስጥ ሲርመጠመጥ ይውላል። ዝናብ ነው ብሎ የቀረ ሰው ደግሞ እስከ ፋሲካ ድረስ መሳቂያ ነው።

ኳስ ሊያስገቡባት የቀረቻቸው የመጨረሻዋ ጉድጓድ ብቻ ናት። እሷም ከጉብታው ማዶ ስለሆነች ከመምቻው ላይ አትታይም። ስለዚህ ፊት ያሉት ሰዎች ጨርሰው ሲወጡ ደወል ይደውላሉ፤ ደወሉ ሳይሰማ ማንም አይመታም። ዛሬ ፊት ያሉት እነ ኮርማክ ናቸው። ኮርማክ የፊንታን ታላቅ ወንድም ነው፤ አንዲት ኳስ ለመግፋት በአራቱም ማዕዘን ይዞራል፣ ይንበረከካል፣ ይነሳል፣ ደግሞ እንደገና ይዞራል።

ከሰኔ ጀምሮ አይነጋገሩም። ኮርማክ የአባታቸውን ጀልባ ሳያማክረው ሸጦ ነው። ፊንታን ያኔ በሰው ፊት «ዓይንህን ላፈር!» አለው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ዛሬ ጠዋት እንኳ በማኅበሩ ቤት ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ነው ቁርስ የበሉት።

«ገና አልተደወለም» አለ ሼይ።

«ጆሮ አለኝ።»

«ጆሮ እንዳለህማ አውቃለሁ፤ እጅህ ሲቁነጠነጥ አይቼ ነው።»

«ይኼ ሰውዬ በብርድ ሊጨርሰን ነው እንዴ?» አለና ፊንታን መታት።

ቀኑን ሙሉ እንቢ ያለችው ኳስ አሁን ቀጥ ብላ ተነሳች፤ ጉብታውን አልፋ ዝቅ ያለው ደመና ውስጥ ገባች። ወዲያው ከማዶ ጩኸት ተሰማ። የአንድ ሰው ጩኸት አልነበረም፤ ብዙ ሆነው ነው የጮኹት። ቀጥሎ ጸጥ አለ።

«በስመ አብ» አለ ሼይ።

ፊንታን ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ለአውቶቡስ እንኳ መሮጥ የተወ ሰው ጭቃውን እየረገጠ፣ እየተንሸራተተ፣ በእጁ እየቧጠጠ ጉብታውን ወጣ። «አምላኬ፣ እሱን አይሁን፣ እሱን ብቻ አይሁን» ይላል። የቀሩትም ልጆችና የልጅ ልጆች ያሏቸው ሰዎች መሆናቸው ትዝ አላለውም።

ከአናቱ ላይ ሲደርስ ታዩት። ሦስት ሰዎች በዚያ ሁሉ ዝናብ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። መሃላቸው አንድ ሰው ተዘርግቷል፤ የለበሰው ቢጫ የዝናብ ካፖርት ነው። ያን ካፖርት ፊንታን ያውቀዋል፤ አምና ለልደቱ ራሱ ነው የገዛለት።

በዚህ ውርጅብኝ ለሬሳ ካልሆነ ኮፍያውን የሚያወልቅ ማን አለ?

«ኮርማክ!» ብሎ ጮኸ። ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በመቀመጫው ወረደ። ሲደርስ ከቢጫው ካፖርት አጠገብ በጉልበቱ ወደቀ።

ኮርማክ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ አፍጥጦ፣ አፉን ከፍቶ ዝናብ እየጠጣ ነው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነው። ሳቁ እንኳ ድምፅ እስኪያጣ ድረስ እየሳቀ ነው።

«ኳሷን ከዚያ ድረስ እኮ ነው ያስገባት!» አለች የማኅበሩ ሰብሳቢ ብሪዲ፣ በኮፍያዋ የሜዳውን ጥግ እያሳየች። «እስከ ዛሬ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ ተሸልሞ የማያውቅ ሰው ቱርኩን ወሰደው! ሁላችንም ጮህን፤ እሱም ሊዘል ሲል ጭቃው ጠለፈው። እንጨባበጥ ብለን ኮፍያችንን አውልቀን ብንጠብቀው አልነሳም ብሎ ተኛ።»

ፊንታን ኮፍያ ያወለቁትን ሦስቱን ራሶች ተራ በተራ አያቸው። ለካ ጨዋታ ሲያልቅ ኮፍያ ይወለቃል፤ ዕድሜ ልኩን ራሱም ሲያወልቅ ኖሯል። ድንጋጤ ይኼን እንኳ ነጥቆት ነበር።

«ይልቅ አሁን በጆሮዬ ሥር ሽው ብላ ያለፈችው ኳስ የማን ናት?» አለች ብሪዲ ፊቷን አኮሳትራ። «ደወል አልደወልንም እኮ!»

«የእኔ ናት» አለ ፊንታን። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

ኮርማክ ይኼን ድምፅ ሲሰማ ሳቁን ገታ። አንገቱን ዘወር አድርጎ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሙን ፊት በቅርብ አየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል አንተ? ማን ሞተብህ?»

«አንተ።»

ኮርማክ በክርኑ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳና ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ጉብታውን፣ ከአናቱ ላይ አፉን ይዞ የቆመውን ሼይን፣ ከዚያ የወንድሙን ጭቃ የለበሱ ጉልበቶች አየ።

«እኔ ከሞትኩ ታዲያ ቱርኩን ማን ሊበላው ነው?»

ፊንታን ሊስቅ ብሎ ነበር፤ ከደረቱ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ኮርማክ ጭቃ የነካ እጁን ማጅራቱ ላይ ጫነለት።

«በል፣ በል። አለሁ። አለሁ አልኩህ እኮ፣ ሞኝ!»

ፊንታን በእርጥብ እጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። ከስድስት ወር በኋላ አየር ወደ ሆዱ የገባ መሰለው፤ ቢዘንብም ባይዘንብም ግድ የለውም።

«ጀልባውን መሸጥህ ግን ልክ አልነበረም» አለ።

«ልክ ነበር! ሥሩ በስብሶ ውኃ ያስገባ ነበር!»

«ይታደስ ነበራ!»

«በማን እጅ? በአንተ? አንተ የአጥርህን በር ያላደስክ!»

«አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅህማ እንቢ ትል ነበር!»

«እላለሁ! አሁንም እላለሁ!»

ብሪዲ ኮፍያዋን መልሳ አጠለቀችና ሌሎቹን ይዛ ወደ ሙቀቱ ሄደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ፤ እየጮኹ፣ አንዱ የሌላውን እጅጌ ጨምድዶ እንደያዘ።