ጉዳዩ፦ የካሜራው አለመነበብ

ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት ሆሳዕና ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መምህር ታዴዎስ። በሚያስተምርበት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ባሉት ስድስት ኮምፒውተሮች በሙሉ ላይ የጫነው ይህንኑ በነፃ የሚገኝ፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈለገ ሰው ገብቶ የሚያርመውን ፕሮግራም ነው። ከተማው ግን «የታዴዎስ ኮምፒውተር ዘፈን እንኳ አይከፍትም» እያለ ይሳለቅበታል። ይህች ቀልድ አንጀቱን ታሳርረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሆመቾ በኩል ጋሼ ዳኘ የሚባል ገበሬ መጣ። ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች ትንሽ ዲጂታል ካሜራ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«መምህር፣ ታናሽ ወንድሜ ብዙነህ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው» አለ። «ቤት ሥራልኝ እያለ ስንት ዓመት ሲልክልኝ ኖረ። ሠራሁለት። አሁን ወሬኛ ምን እንዳለው እንጃ፣ ‹በልተኸዋል፤ ቤቱን በዲጂታል ፎቶ ካላየሁ ወንድም የለኝም› አለኝ። ይኸው አንስቼ መጣሁ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ታዴዎስ ሆዱ ባባ። ወንድም ከወንድሙ በአንዲት ካሜራ ምክንያት ይለያይ? በጭራሽ!

ካሜራዋን ሰካት። ኮምፒውተሩ ግን ዝም አለ። ካሜራና ኮምፒውተር የሚግባቡት ድራይቨር በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ይህች ስም የለሽ ካሜራ ደግሞ ሊኑክስ ላይ ድራይቨር የላትም። ሌላ ቤት ያሉትም ኮምፒውተሮች ድራይቨሯን የያዘው ሲዲ ከሌለ አያነቧትም።

«ስትገዛት ሲዲ አልሰጡህም?»

«ኧረ ምንም።»

«ማነው የሸጠልህ?»

«ሀሰን ነዋ፣ ገበያ ዳር ያለው።»

ታዴዎስ ደሙ ፈላ። በዚያው እግሩ ሀሰን ሱቅ ሄዶ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኸበት። ሀሰን ሬዲዮና የእጅ ባትሪ የሚሸጥ፣ ምላሱ የማይጨበጥ ነጋዴ ነው።

«ወላሂ ሲዲውን እጁ ላይ ነው ያስቀመጥኩለት!» አለ ሀሰን። «የተሻለችም አሳይቼው ነበር። ይቺን መረጠ፣ ምን ላድርግ?»

«ገበሬ አታለህ ደግሞ ትምላለህ!» ብሎት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀሰንን ሰላም ማለት ተወ።

ዳኘ ወሬውን ሲሰማ ነገሩን አላጋነነም። «ተወው፣ ለጌታ ሰጥቼዋለሁ» አለ። «እስከዚያው አለመነበቡን ማህተም አድርገህ ጻፍልኝ።»

ታዴዎስ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ የካሜራውን አለመነበብ ስለመግለጽ» ብሎ ጀመረ፤ ክብ ማህተሙን አሳረፈበት፤ በስካነር አንስቶም ለብዙነህ በኢሜይል ላከለት። ብዙነህ በማግስቱ «ማህተም ካለውማ እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብሎ መለሰ።

ዳኘ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ያዘ። ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዴ ቂቤ፣ አንዴ ቆጮ። ዛሬም እንዳልተነበበ ሲነገረው ራሱን ነቅንቆ «የጌታ ፈቃድ ነው» ይላል። አቤት ትዕግሥት! በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ተጻፈ።

«ባትሪው ሲያልቅ ፎቶዎቹ ይጠፉ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ አንድ ቀን።

«አይጠፉም ጋሼ፣ አይዞህ!»

ዳኘ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ካልሆነ ፎቶ አንሺ በሞተር ወስደን ቤቱን በፊልም እናስነሳው» አለው ታዴዎስ።

«ወንድሜ ያለው ዲጂታል ነው። ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰው አታድክም።»

ወሩ ጥር፣ መንገዱም አቧራ ነበር። ታዴዎስ ግን ሐሳቡ ሁሉ ካሜራዋ ሆድ ውስጥ ነበር። ድራይቨሮቹን ያለ ክፍያ ለሚጽፉት ፈረንጆች ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ አንዱም መለሰለት። ሰውየው የካሜራዋን መለያ ቁጥር አስልኮ አየና «ስሟ ተለየ እንጂ ሆዷ እኛ ከምናውቃት ካሜራ ጋር አንድ ነው፤ የዚያችን ድራይቨር ውሰድና ይቺን መስመር ጨምርበት» አለው። ታዴዎስ ጨመረ። መብራት ሲሄድ እየጠበቀ፣ ሲመጣ እየቀጠለ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ካሜራዋን አወቃት።

«ሠራች!» ብሎ ሲጮህ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ።

ሃያ ስድስት ፎቶ ነበር። ተገልብጠው መጡ፤ አቃናቸው። ግን ሁሉም አረንጓዴ ሆነው ቁጭ! እዚህም እዚያም ቀይ ነጠብጣብ አለባቸው፤ ቤት የሚባል ነገር አይታይም። «ቀለሙ ተበላሽቶ ቤቱን ዋጠው» አለ ታዴዎስ። ወዲያው ለፈረንጁ አንዱን ፎቶ ልኮ ቀለሙ እንዴት እንደሚታረም ጠየቀ። ለብዙነህም ሃያ ስድስቱንም ላከለት፤ «ቀለሙ ሲስተካከል ቤትህ ይታያል፤ ወንድምህ የታመነ ሰው ነው» ብሎ ጻፈበት።

በማግስቱ ዳኘ አራተኛውን ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጣ።

«ደብዳቤ ቀረ ጋሼ! ተነበበች! ለብዙነህም ትናንት ልኬለታለሁ!»

ዳኘ የያዘው ቂቤ ከእጁ ወደቀ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ውሃ ለመነ። ታዴዎስ ደስታ ሰውን እንዲህ እንደሚያደርግ ያውቃልና ጀርባውን እየመታ አጽናናው። ከዚያም ኢሜይሉን ከፈተ፤ ፈረንጁ መልሷል። ዳኘም እንዲሰማ ጮክ ብሎ እየተረጎመ አነበበለት፦

«ድራይቨርህ እንከን የለበትም፣ ቀለሙም ልክ ነው፤ ሜዳውም ላሞቹም ያምራሉ።»