ሳትቆም

ፀዳለ መሮጥ የጀመረች ቀን ጥግ ካለው ሱቅ ሳታልፍ ትንፋሽ አጥሯት ተመለሰች። ባሏ በር ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀባት። «ጅብ ቢያባርርሽ እኮ ቁጭ ብሎ አርፎ ነው የሚደርስብሽ!»

እሷ ግን በማግስቱም ማልዳ ወጣች። ከወር በኋላ «ዛሬ እስከ አስፋልቱ ሳልቆም ሮጥኩ» ብላ በደስታ ስትነግረው፣ «ሜዳሊያሽን የት እንስቀለው?» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጓደኞቹን አሯሯጧን እያስመሰለ ያስቃቸው ነበር። አዳማ መናኸሪያ ደርሳ የተመለሰች ቀንማ ጭራሽ አላመናትም።

«መሃል ላይ ባጃጅ ይዘሻል። አንቺ ጀምረሽ የጨረስሽው ምን ነገር አለ?»

ፀዳለ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ፈታች።

በሳምንቱ እሑድ ሲነቃ ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ ቁርስ የለም፤ እሷም አልተመለሰችም። የሆነ ቦታ ተዘርራ ሰው እንደከበባት ገመተና እየሳቀ ደወለላት።

«አንቺ ሯጭ! የት ደረስሽ?»

«አውቶቡሳችን አዋሽን አለፈ» አለችው፤ ድምጿ ምንም አያለከልክም። «እህቴ ድሬዳዋ ላይ ትቀበለኛለች። የቤት ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻቸዋለሁ።»