«ወረፋ»ን የሚሰብረው እጅ

መሐንዲሱ አጥፊውን ያገኙት ቁርስ ሳይቀምሱ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ነገር ሲሰበር ሰንብቷል። ማክሰኞ ዕለት የቀን መምረጫው ሰኞን ሁለት ጊዜ አሳየ። ረቡዕ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ጠፋ። ሐሙስ የታካሚ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ከቁጥር በቀር አልቀበልም አለ። በቀን አንድ ብቻ፣ ሁሌም ከሦስት ሰዓት በፊት። መሐንዲሱ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሉና ያስተካክሉታል፤ በማግስቱ ሌላ ይመጣል።

«ወረፋ» ሰው ቤቱ ሆኖ ክሊኒክ ተራ የሚይዝበት ድረ ገጽ ነው። መሐንዲሱ የጻፉት ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ፣ የክሊኒክ አግዳሚ ላይ አብረው ተኮልኩለው በዋሉባቸው ጠዋቶች ተናደው ነው። ኮዱን ለማንም ክፍት አድርገው ለቀቁት፤ የፈለገ ይውሰድ፣ የፈለገ ያሻሽል። አርባ አንድ ክሊኒክ ወሰደው። ከዚህም ከዚያም የሚያግዝ ሰው ተሰባሰበ፤ እርስ በርስ በቅጽል ስም የሚጠራሩ፣ እሳቸውን ግን ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው።

አንድ ክፉ ቀን ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቀኖቹን አዛብቶ የአንድ ክሊኒክ ታካሚ በሙሉ በተሳሳተ ቀን መጣ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሳይታዩ ተመለሱ። መሐንዲሱ «ማን ነው ያደረገው?» እያሉ ሳምንት ሙሉ ጠየቁ። ከጥንት ጀምሮ አብሯቸው የሚሠራው፣ ጺሙ የሚሉት፣ «ጋሼ፣ ያለፈው አልፏል፤ የሚበጀውን እንሥራ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። ደግነቱ ከዚያ ወዲህ ክሊኒኮቹ ስልክ እየደወሉ መጮኽ ትተዋል፤ ሰው ችግሩን በጨዋ ደንብ ጽፎ ማመልከት ለምዷል።

ዛሬ የለውጥ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። መዝገቡ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደነካ ሳያዳላ ይጽፋል። ድንቢጥ የሚባል አዲስ ሰው አለ። ትሑት ነው፣ ምስጋና ያበዛል። የቀን መምረጫውን ሰኞ ከሰዓት ነክቶታል። ቁልፉን ማክሰኞ። ሳጥኑን ረቡዕ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ ለራሳቸው።

ይባስ ብሎ፣ ማንኛውም ለውጥ ሁለት ሌሎች ሰዎች ሳያዩት እንዳይገባ ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። የድንቢጥን እያንዳንዱን ለውጥ ሁለት ሁለት ሰው አይቶ አሳልፎታል። አንደኛው ሁልጊዜ ጺሙ ነው።

ልጃቸው ሳህን ይዛ ገባች። ለአንድ ድርጅት ከቤት ነው የምትሠራው፤ ኮድ መጻፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ተይው። ወረፋን የሚሰብረውን ይዤዋለሁ።»

«ማንን?»

«ድንቢጥ የሚባለውን። ዛሬ የነካው ነገ ይበላሻል።»

«እየተማረ የሚሳሳት ሰው ቢሆንስ?»

«በየቀኑ አንድ አንድ? ስህተት በቀጠሮ አይመጣም፣ ልጄ። ሽማግሌው ደክሟል ሊያስብሉኝ ነው። ከእጄ ሊነጥቁኝ ነው።»

«ማን ይነጥቅሃል» አለች ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። «መድኃኒትህን ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

ኪኒኑን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አንስታ መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው። ዋጡት።

ወንበር ላይ መርጋት አቃታቸው። ተነሱ፣ መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ተመለሱ። ለጺሙ ደወሉ። አንዴ እንደጠራ አነሳው።

«የድንቢጥን ሥራ አይተህ ነው የምታሳልፈው?»

«አይቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ስህተቱ አልታየህም?»

«አምልጦኝ ይሆናል።»

«አንተንም ሌሎቹንም፣ ሁላችሁንም አመለጣችሁ?»

«ጋሼ፣ ደስ ያለዎትን ያድርጉ። ወረፋ የእርስዎ ነው።»

ክርክር ጠብቀው ነበር። እንዲህ ቶሎ እጅ መስጠቱ ይበልጥ አስፈራቸው። ደግ በሠራሁ እጄ አመድ አፋሽ ሆነ አሉ። ባለቤታቸው የሉም፣ መሥሪያ ቤቱ ከሸኛቸው ሰነበተ። ይሄም ከሄደ ጠዋት ለምን ብለው ይነሳሉ? አልደበቁትም፤ ፈርተዋል።

ድንቢጥን ከአባላት ዝርዝር ሰረዙት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ሲያባርሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያም ለሁሉም ጻፉ፦ ድንቢጥ ሆን ብሎ ሥራችንን ሲያበላሽ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ከመካከላችን የለም።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አሥራ አንድ ሰው መለሰ። ትክክል ነው፣ ጋሼ። ጥሩ አደረጉ፣ ጋሼ። ዕድሜ ይስጥልን፣ ጋሼ። አንድም ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

መሐንዲሱ ይህን እያገላበጡ ሲያነቡ ቆዩ። ከዚያ የቀዘቀዘውን እንቁላል አንድ ሳያስቀሩ በሉ። ዓይኔ ገና አልደከመም ብለው ለልጃቸው ነገሯት፤ እሷም አዎ አባባ አለችና ባዶውን ሳህን ይዛ ወጣች።

ሳህኑን አጥባ ስታበቃ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ አባቷ ለማያውቁት ቡድን ጻፈች፦ «አባባ ነቅቶብኝ፣ ድንቢጥ እኔ መሆኔን ሳያውቅ አባሮኛል፤ ክሊኒኮቹ የሚጠቀሙበትን ወረፋ እንዳለፉት ሁለት ዓመታት እናንተው ቀጥሉበት፣ እሱ ብቻውን ለሚሠራበት ቅጂ ግን ነገ ጠዋት የሚጠግነው ነገር የሚሰብርለት ማን ነው?»