ግማሽ ቅጠል

ሽመክት ድንጋዩን በመሮ ለሁለት ሲሰነጥቀው አንድ ቅጠል በሁለቱም ግማሾች ላይ ታትሞ ወጣ። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር፤ ቅጠሉን ሲበላ አብሮት ድንጋይ የሆነ ፈንገስ። የቅጠልና የፈንገስ ጠብ ሰው ሳይፈጠር እንደጀመረ ይመሰክራል።

«ግኝቱ በእኔ ስም ነው የሚወጣው» አለ ሽመክት።

ለዓመታት አብሮት ቅሪተ አካል የቆፈረው ተመራማሪ ባልደረባው አንደኛውን ግማሽ አንስቶ ግንባሩን አለው። ሲወድቅ ደገመው። ፊቱ ፊት መሆኑ እስኪቀር ቀጠቀጠው። ሬሳውን ገደል ከቶ በደም የጨቀየውን ድንጋይ አስከትሎ ወረወረው። ወዲያው ቆጨው፤ ድንጋዩ። የቀረውን ግማሽ በጥጥ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደ።

በሳምንቱ አንድ መርማሪ ፖሊስ ሬሳው አጠገብ የተገኘውን፣ ዝናብ ያጠበውን ድንጋይ አሳየው።

«አይቼው አላውቅም። በዚያ ቀንም እዚያ አልደረስኩም» አለ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ።

«እንግዲያው አደከምንዎት ዶክተር፣ ይቅርታ።» መርማሪው ድንጋዩን አገላበጠው። «ይቺ ጥቁሯ ግን ደም ትሆን እንዴ?» ብሎ በቁልፉ ጫፍ ይፍቃት ጀመር።

ሰውዬው ተስፈንጥሮ እጁን ያዘው።

«ተው! ፈንገሱን አጠፋኸው! ቤቴ ያለው ግማሽ ብቻውን ምን ይረባኛል!»